ሸክላ ጠጋኝ

ናይፍ ውስጥ፣ ዱባይ ላይ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣
ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው የማይገባ
ሱቅ አለችኝ፤ ብሎን፣ መርፌ፣ የሽቦ ክምር፣
ማራገቢያዋ የሚያስነጥስ፣ ጣሪያዋ የሚያጥር።
በሯ ላይ በሦስት ቋንቋ ጽፌያለሁ በቀለም፣
«ስልክ፣ ቴፕ፣ ሸክላ ማጫወቻ፤ የማይጠገን የለም።»
ውሸት ነው። አለ።
ግን እውነት ኪራይ አይከፍልም።

ትናንት ረፋዱ ላይ ሐጂ ጁምዓ መጡ፣
ሸክላ በሻሽ ጠቅልለው፣ ሳይናገሩ ተቀመጡ።
የልጅ ልጃቸው ከመኪና ኋላ ረስቶት፣
የሐምሌ ፀሐይ እንደ ውሻ ጆሮ ዳር ዳሩን አቁሞት።
«በናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?» አሉ፣ እኔ ሳገላብጠው።
«ሸክላ» አልኳቸው። «እንስራውም ሸክላ፣ ዘፈኑም ሸክላ ነው፤
ውሃም ይቀዳበታል፣ ድምፅም ይቀዳበታል፣
ሁለቱም ከእጅ ካመለጠ ገል ሆኖ ይቀራል።»
ቅኔው ወደ ዐረብኛ አልተሻገረም፤ ለይሉኝታ ሳቁ፣
ምርኩዛቸውን ከጠረጴዛዬ አስደግፈው እየጠበቁ።

አስቀመጥኩት፤ አዞርኩት፤ መርፌዋን ለቀቅኳት፤
ሽቅብ ወጣች፣ ቁልቁል ወረደች፣ ደግሞ ሽቅብ አነሣት።
ዘፋኙ በዕንቁ ጠላቂዎች መርከብ ላይ ያዜም የነበረ፣
ስልሳ ዓመት ሙሉ በደረቅ መሬት ሲዞር የኖረ፣
ድምፁ ወጀብ እንደመታው ታንኳ ዘመመ፣ ተቃና፣ ዘመመ፤
ላሙቀው፣ በብረት ልጫነው ብዬ እጄ ቀደመ።
«ተወው» አሉኝ፣ ክንዴን ይዘው፤
«አሁን ገና ባሕሩ ገባበት፤ እንዳታቃናው።»

ከሰዓት ደግሞ አንሻ፣ ስልኳን በሩዝ ከረጢት ይዛ፣
ከመወልወያ ባልዲ ያወጣችውን፣ በድንጋጤ ደንዝዛ።
«ሦስት መቶ ዘፈን ነበረኝ፤ ሌሊት ነው የምሰማው፣
አንዱን ጆሮዬን ለሱ ሰጥቼ፤ ሌላው ለማዳም ደወል ነው።»
ከፈትኩት። ሸክላ ሲሞት ያነክሳል፣ ያቃስታል፣ ይንተባተባል፤
ስልክ ሲሞት ግን ዝም ነው፤ ማን ነበር ይባላል?
የቆየ ቀፎ አውሻት ምስጢር ቁጥሯን ብትጽፍ ጊዜ፣
ፈዛዛው መስታወት በራ፤ እኔም ቀረሁ ፈዝዤ፤
ከመጋቢት ወዲህ ጠብታ ካላየነው ሰማይ ሥር፣
ደመና ከሚሉት ጎተራ ዘፈን ወረደ፤
ሦስት መቶው፣ አንድም ሳይቀር።

ሸክላ ይሻላል፣ ይሞቃል፣ ይተነፍሳል ልላት ከጅሎኝ፣
ለደንበኛ ሁሉ የምሰብከው ስብከት አፌ ላይ መጥቶብኝ፣
ዋጥኩት። ሸክላ ጠረጴዛ ይሻል፤ ጠረጴዛም ቤት፤
ቤትም በሩን ከውስጥ የሚቆልፍ ባለቤት።
አንሻ ያላት ኪስ ነው።
ኪሱም የዩኒፎርሙ ነው።

እኔስ? ስምንት ሆነን በምናድርበት፣ በላይኛው አልጋ፣
ማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ እንዳለ ነው ሌሊቱ የሚነጋ።
ያለችኝ አንዲት ሸክላ እዚሁ ሱቅ ታድራለች፣
ዓርብ ዓርብ መንገዱ ጭር ሲል መርፌ ትቀምሳለች፤
ሁለተኛው ዘፈን ላይ ስትደርስ ጭረት አለባት፣
«ነገ… ነገ… ነገ…»
ማለፍ ያቅታታል ከዚያች ቤት።

ያው ዘፈን ስልኬ ላይ አለ፤ ጥርት ያለ፣ የታጠበ፤
«ነገ» ይልና ያልፋል፣ ትኬት እንደ ገዛ፣ ሻንጣ እንደ ሰበሰበ።
አላምነውም።
ሸክላዬ ግን እንደኔው ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት ለእናቴ
«ነገ» እያልኩ እንደኖርኩት፣ ተሰንጥቆ አንደበቴ።
በጣቴ ገፋ ባደርጋት ታልፋለች፤ ጥገናው ይኸው ነው፣
ለሌላ ሰው ቢሆን አምስት ድርሃም እንኳ የማልጠይቅበት ነው።
አልገፋትም።
በሩ እስኪንኳኳ፣ አንዱ የተሰበረ ስልክ ይዞ እስኪመጣ፣
ትዙር፤ ትዋሽልኝ፤
«ነገ» ትበል፤ ነገም ይምጣ፣ አይምጣ።